ጓደኛ ያሰረው ገመድ

ፍርሃት ሲባል ሰው የሚያስበው ጨለማን ነው፣ አውሬን ነው፣ ሌባን ነው። ተሳስቷል። እውነተኛው ፍርሃት የሚመጣው በጠራራ ፀሐይ፣ የረጅም ሕንፃ ጣራ ላይ ጀርባህን ሰጥተህ ስትቆምና የበደልከው ሰው ከኋላህ ሆኖ ገመድህን ሲያስርልህ ነው። ካላመናችሁኝ ጠርጥርን ጠይቁት።

ጠርጥር እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ የሥራ ጓደኞቹ ያወጡለት ነው። ሥራው ቀለም መቀባት ነው፤ ያውም ከውጭ፣ ከጣራ በገመድ ተንጠልጥሎ። ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ካዛጋ ኪሱን ይዳብሳል። ሐኪም የሰጠውን ኪኒን አሽትቶ ነው የሚውጠው። ጎረቤት «እንደምን አደርክ» ካለው ቀኑን ሙሉ «ምን ፈልጎ ይሆን?» ሲል ይውላል። ሚስቱ ደግሞ ለምላሷ ልጓም የላትም፤ «ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል፤ አንተ ምን ሰርቀህ ነው?» ትለዋለች።

ምሳ ሰዓት ላይ የቀለም ባልዲ ገልብጠው ሲቀመጡ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ እሱ ዘንድ ይመጣል። «ሰው ክፉ ነው» ይላል። «ደግ ነው የምትሉት አጋጣሚ ያላገኘው ነው።»

አለቃው ይስቁበታል። ጉልበታቸው ከድቷቸው ጣራ መውጣት ያቆሙ፣ ከታች ሆነው አንጋጠው የሚያሠሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል። «ሰው ክፉ ቢሆን ኖሮ አንተ እስካሁን ትኖር ነበር? ስንት ዘመን በሰው ቋጠሮ ተንጠለጠልክ!»

«ፈርተው ነው ጋሼ። እስር ቤት ባይኖር ጉዴ ይፈላ ነበር።»

«ኧረ ተው አንተ ሰው! ስትወለድም አዋላጇን ጠርጥረህ መሆን አለበት።» ሁሉም በሳቅ ይፈርሳል።

«በሰው ቋጠሮ» ያሉት ቀልድ አልነበረም። በዚያ ቡድን ውስጥ የራሱን ገመድ የሚያስር የለም። ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚሠሩት፤ አንዱ የሌላውን ያስርለታል። ደንቡን ያወጡት አለቃው ናቸው። «የራሱን የሚያስር ይቸኩላል፤ የጓደኛውን የሚያስር ግን ይፈራል» ይላሉ። ገመዱ የሚታሰረው ጣራው ላይ ካለ ምሶሶ ጋር ነው፤ ቋጠሮውም ሁለት ነው። የመጀመሪያው ሰውየውን ይሸከማል። ሁለተኛው፣ መቆለፊያ የሚሉት፣ የመጀመሪያው እንዳይላላ ይጠብቀዋል። መቆለፊያ የሌለው ቋጠሮ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ሊይዝ ይችላል፤ ሰውየው ከተወዛወዘ ግን ትንሽ በትንሽ ገመዱን እየለቀቀ ይሄዳል። ሲያስሩልህ ጀርባህን ሰጥተህ መቆም አለብህ። ዞሮ ያየ ጓደኛውን እንደ ሰደበ ነው የሚቆጠረው። ሁለተኛ የመጠባበቂያ ገመድ ይገዛል ከተባለማ ዘመን አልፎታል፤ ሥራ አስኪያጁ «በቅርቡ» ማለት አይሰለቸውም።

የጠርጥር ጥንድ ዝምተኛው ነው። ዝም አይነቅዝም የሚባለው ለሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ሰላምታውን እንኳ በአንገቱ ነው የሚጨርሰው። ዓመታት አብረው ተንጠልጥለዋል። ታዲያ ይህ ሰው አንድ ቀን አፉን ከፍቶ ለጠርጥር ምስጢር ነገረው። «ሰሞኑን ወደ ታች ሳይ አንዳንዴ ያዞረኛል። መድኃኒት ጀምሬአለሁ፣ እየተሻለኝ ነው። ለማንም እንዳታወራ፤ ልጆቼን የማበላበት ሌላ ሙያ የለኝም።» ጠርጥርም «ሞቼ ነው የማወራው!» አለው።

አልሞተም፤ አወራ። አለቃው ሥራ ሊያቆሙ መሆኑ ተሰማና ሥራ አስኪያጁ ጠርጥርን ጠርቶ «ከአንተና ከጥንድህ ማንን አለቃ ባደርግ ይሻላል?» አለው። ጠርጥር ስለ ራሱ ምንም አላለም። «እሱ ጎበዝ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ያዞረዋል» ብቻ አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል? ወደ ቤቱ ሲሄድ «ለሱው ብዬ ነው፤ ወድቆ ከሚሞት» እያለ ራሱን አጽናና። እውነትም የሚመስል ነገር አለው እኮ! ክፋት ምንጊዜም እንዲህ ታጥቦ ተተኩሶ ነው የሚመጣው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ መጣና ሁሉም በተሰበሰበበት ለዝምተኛው «ከዚህ ሕንፃ በኋላ አንፈልግህም፤ ያዞርሃል አሉ» አለው። ዝምተኛው ቀስ ብሎ ዞረና ቀለም የሚያማስለውን ጠርጥርን አየው። ምስጢሩን የነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ጠርጥር ቀና ሳይል አማሰለ፤ የተማሰለውን ቀለም መልሶ አማሰለ።

ያን ዕለት እራት አልወረደለትም። ሚስቱ «ምን ሆነህ ነው? ፊትህ አመድ መስሏል» ብትለው «ነገ እሱ ነው የሚያስርልኝ» አላት። ነገሩን አልነገራትም፤ ቢነግራት የምትለውን ያውቃል። እሷም «ታዲያ መቼ ሌላ ሰው አስሮልህ ያውቃል?» ብላ ሳህኑን አነሳች። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ አባቶች። እሱ ማጭድ መቼ አዋሰ፤ ነፍሱን እንጂ።

ጠዋት «አሞኛል» ብሎ ሊቀር ነበር። ግን ቢቀር ምን ይባላል? ነገሩ የሱ መሆኑን በአፉ እንደ መናገር ነው። ሄደ። ሕንፃው የቆየ ነው፤ ለእድሳት ሰው ሁሉ ለቆ ባዶውን ቀርቷል፤ የደረጃው መደገፊያ ብረት እንኳ ሊቀየር ተነቅሏል። ሌሎቹ ጥንዶች ያን ቀን ሌላ ቦታ ተልከው ነበር፤ ሁለቱ ብቻ ግድግዳ ግድግዳውን ታክከው ወጡ። ዝምተኛው ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ከወትሮው በላይ ዝም ያለ መሰለው። ደግሞ ምን ይበል? ሰውየው ሁልጊዜም ዝም ነው።

ጣራው ላይ ደረሱ። ነፋስ አለ። ጠርጥር ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

ከኋላው የገመዱ ድምፅ ይሰማዋል። አንዴ ተሳበ። ቆመ። ለምን ቆመ? ዞሬ ልየው አለ፤ ቢያየኝስ፣ እዚሁ በእጁ ቢገፋኝስ አለ። ቆመ፣ ቆመ፣ ገመዱ ከቆመበት አልነቃነቅ አለ። ከዚያ እንደገና ተሳበ። በመጨረሻ ዝምተኛው ከጀርባው በጣም ተጠግቶ «በደንብ አስሬልሃለሁ» አለ።

በስንት ዘመናቸው እንዲህ ብሎት አያውቅም! ጠርጥርን ላብ አጠመቀው። በደንብ ያሰረ ሰው ምን ብሎ ይናገራል? አለቀልኝ፣ ልጆቼ ያለ አባት ቀሩ አለ በሆዱ።

ተራው የሱ ሆነ። ዝምተኛው ጀርባውን ሰጥቶ፣ እጁን አጣምሮ፣ ሰማይ ሰማዩን እያየ ቆመ። ጠርጥር የመጀመሪያውን ቋጠሮ ቋጠረ፤ ጥሩ አድርጎ ቋጠረ። መቆለፊያው ላይ ሲደርስ እጁ ተያዘ። እሱ ለኔ ካልቆለፈ እኔ ለምን እቆልፍለታለሁ? እኔን ጥሎ እሱ በሰላም ቤቱ ሊገባ? የገመዱን ጫፍ ይዞ ቆመ። ከታች አለቃው «ምን ትጠብቃላችሁ? ፀሐዩ ሳይከር!» ብለው ጮኹ። ጠርጥር ጫፉን እንዲሁ ከምሶሶው ጎን አጋደመውና «ጨርሻለሁ» አለ።

ረሳሁት ብሎ ለራሱ ነገረው። አልረሳውም።

ወረዱ። እያንዳንዱ ከገመዱ በተንጠለጠለ ሳንቃ ላይ ተቀምጦ፣ ባልዲውን በጎኑ አንጠልጥሎ፣ ጎን ለጎን። ጠርጥር ሮለሩን ያዘ እንጂ አልቀባም ማለት ይቻላል። ዓይኑ ከላይ ነው። ገመዱ ሲጥጥ ባለ ቁጥር ልቡ አፉ ውስጥ ይገባል። አምላኬ ሆይ፣ የዛሬን አውጣኝ እንጂ ሁለተኛ የሰው ነገር አላወራም አለ። ትንሽ ቆየና፣ አለቅነቱንም ይውሰደው አለ። ቢጨንቀው የማይሳለው ስለት አልነበረም። ዝምተኛው ደግሞ አጠገቡ ሆኖ ግድግዳውን ጸጥ ብሎ፣ እኩል እኩል አድርጎ ይቀባል። ይህ ጸጥታው ይበልጥ አስፈራው። መቼ እንደሚለቅ ስለሚያውቅ ነው የተረጋጋው አለ።

ፈሪ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጠርጥር ወደ ላይ ለማየት ሲጠማዘዝ፣ ሲገላበጥ፣ ገመዱ ከቦታው ሸሽቶ ከመስኮቱ በላይ ያለው የዝናብ መከለያ ቆርቆሮ ላይ ገባ። የቆርቆሮው ጠርዝ የዛገና ስለት ያለው ነው። የሱ ዓይን ከዚያ በላይ፣ ጣራው ጠርዝ ላይ ስለተተከለ ልብ አላለውም። ያየው ዝምተኛው ነው።

ዝምተኛው ሮለሩን ባልዲው ውስጥ ጣለ። የድሮ ቀለም የሚፍቅበትን ስለታም ብረት ከወገቡ መዘዘ። ከዚያ ግድግዳውን በእግሩ ገፍቶ ወደ ጠርጥር ተወዛወዘ።

«አትቅረበኝ!» ጠርጥር ጮኸ። ድምፁ የሱ አልመሰለውም። «ኧረ የሰው ያለህ! ሊገድለኝ ነው!»

ዝምተኛው አልደረሰም፤ ገመዱ መልሶ ወሰደው። እንደገና ገፋ። አሁን የጠርጥርን ሳንቃ ጫፍ ነካና እጁ አዳለጠው። «ገመድህ ቆርቆሮው ላይ ነው! አትነቃነቅ!» አለው እየራቀ።

ጠርጥር ቀና አለ። እውነት ነው። የገመዱ ክሮች አንድ ባንድ እየተበጠሱ ተንጨባረዋል። ይህ ሰው ሊገድለው አይደለም፤ ሊያድነው ነው የሚወዛወዘው። ወዲያው ሌላው ነገር መጣበት። ይወዛወዛል። ቋጠሮው ግን አልተቆለፈም።

አትወዛወዝ በለው! አፉ እስኪከፈት ድረስ ብቻ ነው የሚፈጀው። ለምን ቢለው ምን ሊመልስ ነው? ቋጠሮህን እያወቅሁ ተውኩት ሊል? ሞት እንኳ እንደዚህ ቃል አልከበደውም። ዝም አለ። እሱ፣ ያ ምስጢር መያዝ ያቃተው ሰው፣ ዝም አለ። ወይ ነዶ! ዝምተኛው ለሦስተኛ ጊዜ ገፋ። ጠርጥር ወደ ላይ ሲያይ የጓደኛው ገመድ ጣራው ጠርዝ ላይ አንድ ስንዝር ሲንሸራተት አየ።

ዝምተኛው ደረሰ። በአንድ እጁ የጠርጥርን ትከሻ ጨበጠ፤ በሌላው የቆርቆሮውን ጠርዝ በብረቱ አጠፈው፤ ከአንገቱ ያለውን ሻርፕ ፈትቶ ከገመዱ ሥር ወተፈው። ትንፋሹ ጠርጥር ፊት ላይ ነው። ፊቱ ነጭ ሆኗል፤ ማዞር ጀምሮታል። «በል፣ ተርፈሃል። ቀስ ብለህ ውረድ» አለና ሊመለስ እግሩን ግድግዳው ላይ አደረገ።

ሰይጣን ሥራ አይፈታም። በዚያች ቅጽበት እንኳ፣ ነፍሱን ባተረፈለት ሰው ፊት፣ ለጠርጥር ጆሮ ሹክ አለው፦ ተወው፣ ይሂድ፤ አዞረውና ወደቀ ይባላል፤ ቀድመህ ተናግረሃል እኮ፤ ማን ይጠረጥርሃል? ይህን ሐሳብ ያሰበው ራሱ መሆኑን ሲያውቅ የፈራው ፍርሃት፣ ከጠዋት ጀምሮ የፈራውን ሁሉ አስረሳው።

«አትሂድ!» ብሎ የዝምተኛውን ቀበቶ በሁለት እጁ ያዘ። «ቋጠሮህ አልተቆለፈም!»

«ምን?»

ገመዱ ከላይ ሙሉውን መጣ፤ በአጠገባቸው እየተተረተረ አልፎ እስከ ታች ወረደ። ሳንቃውና ባልዲው ተከተሉት። ከታች አለቃው የጮኹት ጩኸት ተሰማ። ዝምተኛው በቀበቶው ብቻ ከጠርጥር እጅ ላይ ተንጠለጠለ። የጠርጥር ክንድ ሊገነጠል ደረሰ። ሁለት ሰው በአንድ ገመድ፣ ያውም የቀድሞ ወዳጅ ተቀይሞ ባሰረው ገመድ። አሁን ይለቃል፣ አሁን ይለቃል አለ። አልለቀቀም። ዝምተኛው እግሩን እየዘረጋ እየዘረጋ አጠገባቸው ያለውን የበረንዳ ብረት አገኘ፤ ተጎተቱና አንዱ ባንዱ ላይ በረንዳው ውስጥ ተዘረገፉ።

ዝምተኛው መጀመሪያ ተነሣ። ባዶውን ክፍል አቋርጦ ደረጃውን ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ጠርጥር ወደ ታች መሮጥ ይችል ነበር። አልሮጠም፤ እየተንገዳገደ ተከተለው።

ጣራው ላይ ሁለት ምሶሶ አለ። አንዱ ባዶውን ቆሟል። ሁለተኛው ላይ የጠርጥር ገመድ ታስሯል፤ አንዴ ተቋጥሮ፣ አንዴ ተቆልፎ፣ በላዩ ላይ እንደገና ተቆልፎ፣ ደግሞ እንደገና። ሕፃን ልጅ የተጫወተበት እንጂ ባለሙያ የሠራው አይመስልም።

«ለምን እንዲህ አድርገህ አሰርከው?» አለ ጠርጥር። ሌላ የሚጠይቀው ጥያቄ ጠፍቶበት ነው።

ዝምተኛው ባዶውን ምሶሶ እያየ መለሰለት። በሕይወቱ ያን ያህል አውርቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። «ሌሊቱን ሙሉ ስገድልህ አደርኩ። ጠዋት መቆለፊያው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ተወው አለኝ። ማንም አያውቅብህም አለኝ። ራሴን ፈራሁት። አንዴ ቆለፍኩና አላመንኩትም፤ እንደገና ቆለፍኩ። በደንብ አስሬልሃለሁ ያልኩህም ላንተ አልነበረም። ለራሴ ነው።» ከዚያ ዞረ። «የኔንስ ረሳኸው?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ቃሉ ከጠዋት ጀምሮ ተዘጋጅቶ ምላሱ ላይ ተቀምጧል።

«አልረሳሁም» አለ ጠርጥር። «ለሥራ አስኪያጁም የነገርኩት እኔ ነኝ።»

«እሱንማ አውቃለሁ።»

ሊመታው ነው ብሎ ጠበቀ። ቢመታው ደስ ባለው። ዝምተኛው ግን አልመታውም፤ ምሶሶውን ያዘና ዓይኑን ጨፈነ። አዙሮታል። ያ ሁሉ መወዛወዝ፣ ያ ሁሉ ድንጋጤ አሁን ነው የደረሰበት። ቁልቁል ደግሞ መደገፊያ የሌለው ደረጃ አለ፤ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው በኩል እስከ ምድር ድረስ ባዶ ነው። አለቃው ጉልበታቸው አያስወጣቸውም። ሌላ ሰው የለም።

ዝምተኛው እጁን ዘረጋ። «ያዘኝ። ብቻዬን አልችልም።»

ጠርጥር የተዘረጋውን እጅ አየ፤ ከዚያ የራሱን እጆች አየ። እንደነዚህ እጆች የፈራው ነገር የለም። «ሌላ ሰው ልጥራልህ» ሊል አሰበና ማንን እንደሚጠራ ጠፋው። ዝምተኛው ዓይኑን ሳይገልጥ «ሰው ሆይ፣ ና እንጂ» አለው።

ያዘው። ዝምተኛውን በግድግዳው በኩል አደረገና ራሱ በባዶው በኩል ሆነ። የእጁን አንጓ በሁለት እጁ ቀርቅቦ፣ አንድ ደረጃ ሲወርዱ ቆም፣ አንድ ደረጃ ሲወርዱ ቆም እያሉ ወረዱ። ጠርጥር ወደ ታች አላየም። ዓይኑ የራሱ ጣቶች ላይ ነው፤ አንዷ እንኳ ከላላች ብሎ ይቆጣጠራቸዋል። ጆሮው ደግሞ ያ ሹክሹክታ ይመጣ እንደሆን ያዳምጣል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የመጣ መሰለው፤ እዚያው ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ እጁን ግን አልለቀቀም። ዝምተኛውም ዓይኑን ጨፍኖ አጠገቡ ተቀመጠና ጠበቀው።

ምድር ሲደርሱ አለቃው የወደቀውን ገመድ ጫፍ በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ጫፉ ለስላሳ ነው፤ የተቆለፈ ገመድ የሚተወው መጨማደድ የለበትም። የሁለቱን ፊት አፈራርቀው አዩ።

«ይህ የማን ቋጠሮ ነው?»

«የኔ» አለ ጠርጥር። «አውቄ ነው ጋሼ።»

ደንቡን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ሰው አልወደቀባቸውም። ገመዱን መሬት ላይ አኖሩትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በል አሁን ልቀቀው፤ ምድር ደርሳችኋል» አሉት።

ጠርጥር ሊለቅ ፈለገ። እጆቹ ግን እምቢ አሉ። ዝምተኛውም ዓይኑን ገልጦ «ደርሰናል እኮ» አለው። አልሆነም። የጠርጥር ጥርስ ይንቀጫቀጫል፤ «ከለቀቅሁትማ…» ይላል፤ አይጨርሰውም። በመጨረሻ አለቃው ተጠግተው፣ እንደ ሕፃን ልጅ እያባበሉት፣ ጣቶቹን አንድ ባንድ አላቀቋቸው።